ኦክቴኑን ተውና ክዳኑን ክፈት

ሰቆጣ ማደያ ገብቶ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄ ቤንዚን ስንት ኦክቴን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው መጀመሪያ ሳቅ፣ ቀጥሎ ተረብ ይቀዳለታል። ቤንዚን የሚቀዳለት ዕድል የቀናው ብቻ ነው።

«ኦክቴናችን ሁለት ዓይነት ነው ጋሼ» አለ ቀጂው። «‹አለ› እና ‹የለም›። ዛሬ የደረስዎት ሁለተኛው ነው።»

ጠያቂው ሻደይን ለማክበር ከሜሪላንድ የመጣ ዘመዳችን ነው። አዲስ አበባ ላይ ራቭ ፎር ተከራይቶ፣ ሹፌር አልፈልግም ብሎ፣ የወልዲያን መንገድ አቧራ ጠግቦ ደርሷል። እሱ በለመደው ማደያ ፓምፑ ላይ ሦስት ቁልፍ አለ፤ 87፣ 89፣ 93። እጁ ሁልጊዜ የሚሄደው ወደ 93 ነው። ለምን ሲባል፣ «መኪናዬን ስለምወዳት!»

«ብትወዳትማ ያላዘዘችውን አትግታትም ነበር» አልኩት። «የሠራት ቶዮታ 87 ይበቃታል ይላል፤ አንተ 93 ትሰጣታለህ። የናቅከው ቶዮታን ነው ወይስ ዶላሩን?»

ብቻውን ቢሆን ባልፈረድኩበት። ትሪፕል ኤ የሚባለው የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ተራው ቤንዚን ለሚበቃው መኪና ውዱን የሞሉ አሽከርካሪዎች በአንድ ዓመት ውስጥ 16.5 ሚሊዮን ነበሩ። በከንቱ የፈሰሰው ገንዘብ 2.1 ቢሊዮን ዶላር ተገምቷል። መኪኖቹን በላቦራቶሪ ሲፈትሹ የጉልበትም ሆነ የቁጠባ ልዩነት፣ ይህ ነው የሚባል አላገኙም።

«ያንን ዶላር ወደ ዋግ ብትልኩት ኖሮ አስፋልቱ እስከ ሰሃላ ቆላ ደርሶ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ ‹ወዴት ልቀጥል?› ብሎ ይጠይቅ ነበር።»

«ይሁን፣ ግን 93 ጉልበት ይሰጣል» አለ ዘመዳችን።

አይሰጥም። ሜሪላንድ የሚነዳውም ሰሃላ ቆላ የሚነዳውም እኩል የሚሳሳቱበት ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ቤንዚን ከአየር ጋር ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ፒስተን ሲጨምቀው ይግላል። እየጋለም ካንዴላው እሳት እስኪሰጠው መጠበቅ አለበት። ኦክቴን የዚህ ትዕግሥት መለኪያ ነው። ትዕግሥት ያጣ ቤንዚን የካንዴላው ነበልባል ሳይደርስበት በየጥጉ በራሱ ይፈነዳል፤ ሞተሩም ዳገት ላይ ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ ያንኳኳል። ነገሩ ሲደጋገም ፒስተን ይበሳል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያም አብሮ ይቃጠላል። ታጋሽ ቤንዚን የሚፈልገው አጥብቆ የሚጨምቅ ሞተር ነው። የማይጨምቅ ሞተር ይዞ ትዕግሥት በዶላር የሚገዛ ሰው፣ ትርፉን ለአማቱ ያስቀምጥ።

ቁጥሩስ ከየት መጣ? መለኪያው የተበጀው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው። አይሶኦክቴን የሚባለው ፈሳሽ ትዕግሥቱ 100 ተባለ፤ ሄፕቴን የሚባለው ደግሞ ዜሮ። 91 ማለት 91 እጅ አይሶኦክቴን ከ9 እጅ ሄፕቴን ጋር የተቀላቀለበትን ያህል ታግሷል ማለት ነው። ዜሮ የተባለው ንጹሕ ሄፕቴን በመጀመሪያ የተገኘው ከአሜሪካ የጥድ ዛፍ ሙጫ ተነጥሮ ነው። ይህን ለሰሃላው ጓደኛዬ ብነግረው፣ የዕጣን ዛፍ የሞላበት ቆላ ልጅ ነውና፣ አንዴም አላሰበም፤

«ከሙጫ ዜሮ ማውጣትማ እኛም እናውቅበታለን። ዕጣኑን ስንሸጥ ኖረን ኪሳችን ውስጥ ያገኘነው እሱን ነው።»

ሌላም የሚያጣላ ነገር አለ። ከዱባይ የመጣ መኪና የነዳጅ ክዳኑ ላይ 91 ወይም 95 ይላል፤ ከአሜሪካ የመጣው ተመሳሳይ መኪና 87 ይላል። ሁለቱ ባለቤቶች ቡና ላይ ሲገናኙ ባለ 91ዱ ደረቱን ይነፋል። ለምን እንደሚነፋ አላውቅም። አሜሪካኖች ሁለት ዓይነት ፍተሻ አድርገው አማካዩን ነው የሚጽፉት፤ ዱባይ፣ ጃፓንና አውሮፓ ግን ከሁለቱ ከፍ ያለ ቁጥር የሚሰጠውን ፍተሻ ብቻ ይጽፋሉ። ስለዚህ የአሜሪካው 87 እና የዱባዩ 91 አንድ ቤንዚን ናቸው ማለት ይቻላል። ቁጥሩ ድንበር ሲሻገር ነው የጨመረው፤ መኪናውስ ዋጋው የጨመረው ድንበር ሲሻገር አይደል?

የባሱት ግን ባለ ቪ ኤይቶቹ ናቸው። አንድ ኃላፊ፣ መሥሪያ ቤታቸውን አልናገርም፣ ላንድክሩዘራቸውን ማደያው ፊት አቁመው፣ «ለዚህች ከፍተኛውን ኦክቴን» ብለው አዘዙ። ሹፌራቸው መሪውን ይዞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያያል። ሹፌር ሁሉ ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚያይበት ሰዓት አለ።

«ክቡርነትዎ፣ ናፍጣ ናት» አለ ቀጂው።

«ቪ ኤይት ናት እኮ!»

«ቪ ኤይት ሲሊንደሯን ነው የሚቆጥረው፤ የምትጠጣውን አይናገርም።»

ልጁ ልክ ነው። ላንድክሩዘር 200 ባለ 4.5 ሊትር የናፍጣ ቪ ኤይት ሆና ተሠርታለች፤ ባለ 4.6 እና ባለ 5.7 ሊትር የቤንዚን ቪ ኤይት ሆናም ተሠርታለች። ከኋላ የተለጠፈውን ስም አይቶ ነዳጅ የሚያዝ፣ ስሙን ሰምቶ ሰው የሚቀጥር ኃላፊ ነው። ክዳኑን ከፍቶ ማንበብ ግን ፊደል ከቆጠረ ሰው ሁሉ የሚጠበቅ ነው፤ ከውስጥ በኩል ተጽፏል፣ ናፍጣ ከሆነ ናፍጣ፣ ቤንዚን ከሆነ ከነቁጥሩ።

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን ብቻውን እስኪግል ድረስ ይጨምቅና ናፍጣውን ይረጭበታል። ናፍጣው በዚያች ቅጽበት ካልተቀጣጠለ ችግር ነው፤ ዘግይቶ ሲቀጣጠል ሞተሩን ይደበድበዋል። መለኪያውም ሴቴን ይባላል፤ የሚለካውም ቶሎ መቀጣጠሉን ነው። ቤንዚን ሲታገስ ይመሰገናል፣ ናፍጣ ሲታገስ ይሰደባል።

«እንግዲህ የናፍጣ ሞተር ትዕግሥተኛ አይወድም ክቡርነትዎ» አልኳቸው።

«እንደ እኛ መሥሪያ ቤት ማለት ነው» ብለው ሳቁ። ለመተራረብ ዳድተው ነበር፤ ባይሞክሩት ይሻል ነበር።

«የእናንተ መሥሪያ ቤትማ ኦክቴኑ ከመቶ በላይ ነው። የሰው ጉዳይ ዓመት ቢጨመቅ በራሱ አይነሣም፤ የግድ እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ይፈልጋል።»

ሹፌሩ አሁንም ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ ነው፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል።

በዋግ ተራራና ቆላ የሚመላለሰው አብዛኛው የመስክ መኪና ናፍጣ ጠጪ ነው። የጤና ቢሮው፣ የእርዳታ ድርጅቱ፣ የአምቡላንሱ ሃርድቶፕ፣ ያቺ ዕድሜዋን የማትናገር ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ተርቦ የሌላት ሞተር ናት ብዙዎቹን የምትገፋው። ፖምፓዋ በጥርስ የሚዞር እንጂ በኮምፒውተር የሚታዘዝ አይደለም። ለዚህ ነው ሰሃላ ድረስ ወርዳ የምትመለሰው፤ ለዚህም ነው ሹፌሯ በኦክቴን ክርክር መሀል እንቅልፍ የሚወስደው። አንዱን ቀስቅሼ፣ «የአንተዋ ስንት ኦክቴን ትፈልጋለች?» ብለው ዓይኑን ሳይገልጥ መለሰልኝ፤

«የእኔዋ የምትፈልገው መንገድ ነው። እሱን ስታገኙ ቀስቅሱኝ።»

ወደ ቤንዚን ጠጪዎቹ ልመለስ። ቪታራ፣ ራቭ ፎር፣ ቱሳን፣ ባለ 2.7 ሊትሯ የቤንዚን ፕራዶ፣ ተርቦ ካልተጫነባቸው በዱባዩ አቆጣጠር 91 ይበቃቸዋል። ቢኤምደብሊው ኤክስ 5፣ መርሴዲስ ጂኤልኢ፣ ሬንጅ ሮቨር ግን ተርቦ አላቸው፣ አጥብቀው ይጨምቃሉ፣ 95 እና ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። ማዝዳ ሲኤክስ 5 ነገሩን በቁጥር ታሳያለች። የእ.ኤ.አ. 2019 ባለ ተርቦ ሞዴሏ በአሜሪካው 93 ስትነዳ 250 የፈረስ ጉልበት ታወጣለች፤ በ87 ስትነዳ 227። አትሞትም። ማንኳኳቱን የሚሰማ ጆሮ ሞተሩ ላይ ተገጥሞለታል፤ ሲሰማ ካንዴላው እሳቱን ዘግየት አድርጎ እንዲሰጥ ያዛል፣ ጉልበቱን ይቀንሳል። 23 ፈረስ ጋጣ ገብቶ ያርፋል እንጂ ሞተሩ አይፈርስም። ይህ ጆሮ የሌላቸው የድሮ ሞተሮች ግን እስኪበሱ ድረስ ያንኳኳሉ፤ ጆሮ ያለው ሹፌር ካልያዛቸው።

«እኔ ሬንጅ ሮቨር ይዤ ሰቆጣ ብመጣስ?» አለኝ አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ በስልክ።

«ና። ለቤንዚኑ አታስብ፣ ለጎማህ አስብ። ጎማው ካለፈልህ ስለ ቤንዚኑ ድጋሚ ደውልልኝ።»

ለነገሩ ምርጫ ኖሮን አያውቅም። የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ከተዘጋ ወዲህ የአገሪቱ ነዳጅ ተጣርቶ ያለቀለት ሆኖ ከውጭ ይገባል፤ አብዛኛው በጂቡቲ በኩል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ጥያቄው አንድ ነው፤ ቤንዚን ወይስ ናፍጣ? ድሮ ኦክቴኑን ከፍ ለማድረግ እርሳስ ይጨመርበት ነበር፤ ኢትዮጵያ ይህን ያቆመችው ጥር 1996 ላይ ነው፤ የዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021። ቀጥሎ ኤታኖል መጣ። የፊንጫው ስኳር ፋብሪካ ያወጣው አልኮል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አምስት በመቶ፣ ከ2011 ጀምሮ አሥር በመቶ ከቤንዚን ጋር እየተቀላቀለ በአዲስ አበባ ተሸጠ። ኤታኖል ኦክቴኑ ከመቶ በላይ ነውና ለሞተሩ ክፉ አልነበረም። ብቻ ጠጥቶ ማሽከርከር በሚያስቀጣበት ከተማ መኪናው ራሱ ጠጥቶ ሲዞር የከሰሰው አልነበረም። ሰቆጣ ያን ጊዜም ጾሟን ነበረች።

ዛሬ ጾሙን የሚያስፈታው ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠው ነጋዴ ነው።

ዋጋው ይታወቃል። በሐምሌ 2014 አዲስ አበባ ላይ በሊትር 48 ብር ያልሞላ ቤንዚን፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ላይ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ይህ የማደያው ነው። ከ2015 ወዲህ ደግሞ በቴሌብርና በመሰሎቹ ካልሆነ በእጅ ብር አይቀዳም። ቤንዚን ሲመጣ ኔትወርክ ይሄዳል፣ ኔትወርክ ሲመጣ ቤንዚን ይሄዳል፤ ሁለቱን ለማስታረቅ ሽማግሌ ቢቀመጥ ጥሩ ነበር። ታዲያ ባጃጁም፣ ሞተረኛውም፣ ዘመዳችንም ዞሮ ዞሮ ከመንገድ ዳር ከተደረደሩት የውሃ ጠርሙሶች ፊት ይቆማሉ። ዋጋውን የሚወስነው የገዢው ፊት ነው፤ የቸኮለ ፊት ውድ ነው።

«ንጹሕ ነው?» አልኩት ጠርሙስ ሻጩን ልጅ።

«እግዚአብሔርን! በእናቴ!»

«እናትህን ተዋትና ነጭ ወረቀት አምጣ።»

ከደብተር ቀደደና ሰጠኝ። ከጠርሙሱ ክዳን አንድ ጠብታ ወረቀቱ ላይ ጣል አደረግኩ። ንጹሕ ቤንዚን ነጠብጣቡ ይሰፋል፣ ትንፋሽ እፍ ሲሉበት ከዳር ወደ መሀል ይሸሻል፣ ጥቂት ቆይቶ ወረቀቱ ይደርቃል፤ የሚቀረው ነገር ቢኖር እዚህ ግባ የማይባል ጥላ ነው። የልጁ ጠብታ ግን መሀሉ ደረቀና ዳሩ ቀረ። ወረቀቱን ወደ ፀሐይ ሳነሣው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ቅባት የጠጣ ክብ መስመር። በጣቴ ብነካው ጣቴ ወዛ።

«ይሄ ቀለበት ምንድነው?»

«የቃል ኪዳን ቀለበት» አለ ሳያቅማማ።

«ከማን ጋር?»

«ከላምባ ጋር።»

ለመልሱ ስል አንድ ጠርሙስ ልገዛው ምንም አልቀረኝም። ግን ላምባ የሚገባው ፋኖስ ውስጥ ነው። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ ቤንዚን ላይ ጥቂት ሲገባ የሁሉንም ኦክቴን ጎትቶ ያወርደዋል። ጭሱ ይበዛል፣ ያልተቃጠለው ወደ ዘይቱ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥናል፣ ዳገት ላይ ቀጭ ቀጩ ይጀምራል። ፓምፕ ላይ የተጻፈ 91 ቢኖር እንኳ እዚህ ጠርሙስ ውስጥ ሲደርስ ስንት እንደሆነ ነጋዴው ብቻ ነው የሚያውቀው፤ እሱም ለእናቱ አይናገርም። ያልተቀላቀለውም ቢሆን ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ቀላል ቀላሉ እየተነነ ይሄዳል፣ ጠዋት ሞተር የሚያስነሣውም እሱ ነበር። አጠገቡ ከሰል ላይ ጀበና የጣደችውን ልጅ ሳይ ደግሞ ስለ ኦክቴን ማውራቱን ትቼ እግሬን ወደ ማዶ አነሣሁ።

«ቤንዚን በጠርሙስ መሸጥ ነውር ነው እንዴ?» ብሎ ከኋላ ጠራኝ። «ፈረንጅም የጀመረው እንዲህ ነው!»

የት እንደሰማ እንጃ፣ እውነት ነው። የካርል ቤንዝ ሚስት ቤርታ እ.ኤ.አ. በ1888 የባሏን መኪና ይዛ ረጅም መንገድ ስትወጣ ነዳጅ አልቆባት ቪስሎክ በምትባል ከተማ ከፋርማሲ ነው የገዛችው።

«እኔም ፋርማሲ ነኝ!» አለ።

«ፋርማሲ ከሆንክ መቀላቀያ መጠኑን ጠርሙሱ ላይ ጻፍ። ‹ከምግብ በኋላ ሁለት ጊዜ› ብለህም ጨምርበት።»

የቡና ቤት ሊቅ ደግሞ አይጠፋም። ከጥግ ሆኖ፣ «እናንተ ሰዎች፣ ሰቆጣ ደጋ ነው፤ ደጋ ላይ ኦክቴን አያስፈልግም» ይላል። ይህ ሰው ግማሹን እውነት ሁልጊዜ ይዞ ይመጣል፤ ሌላውን ግማሽ ቤቱ ነው የሚረሳው። ሰቆጣ ከ2,200 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይቀንሳል፣ ሲሊንደር የሚገባው አየር ስስ ነው፣ ሲጨመቅም ያን ያህል አይቆጣም፣ ቤንዚኑም ብዙ ትዕግሥት አይጠየቅም። በአሜሪካ ተራራማ ግዛቶች፣ ኮሎራዶን በመሰሉት፣ 85 የሚሸጡት በዚህ ሰበብ ነው። ነገር ግን ያ ሂሳብ የተሠራው በካርቦራቶር ዘመን ነው። ተርቦ ያለው ሞተር የሳሳውን አየር በግድ ሞልቶ ያስገባል፤ ለእሱ ደጋም ቆላም ያው ነው። የመኪና ፋብሪካዎችም «ተራራ ላይ ብትኖሩም መመሪያው ላይ የጻፍነውን ሙሉ» ይላሉ።

«ደግሞስ» አልኩት ሊቁን፣ «ወደ ሰሃላ ስትወርድ ደጋውን በኪስህ ይዘኸው ልትወርድ ነው?»

የተከዜ ግድብ ሐይቅ የተኛው ከ1,200 ሜትር በታች ነው። ከሰቆጣ ወደዚያ ሸለቆ የሚወርድ መኪና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወፍራምና የጋለ አየር ውስጥ ይገባል። ሁለቱም ትዕግሥት ይፈትናሉ፤ ውፍረቱ ጭመቁን ያበረታል፣ ሙቀቱ ማንኳኳቱን ይጠራል። ሰቆጣ ላይ ዝም ያለች ቪታራ ሰሃላ ስትደርስ አፏን የምትፈታው ለዚህ ነው። ሲመለሱ ይብሳል። ሰው ሞልቶ፣ ማር በጀሪካን ተጭኖ፣ አንድ ሁለት የአበርገሌ ፍየል ከኋላ ታስሮ፣ ፀሐዩ አናት ላይ ሆኖ ዳገቱ ይጀመራል። እዚያ ላይ ነው የሹፌሩ ወንድነት የሚመጣበት።

«በአራተኛ እወጣዋለሁ» ይላል።

«አንተ ትወጣለህ፤ ፒስተንህ ነው የሚቀረው።»

ሞተር አብዝቶ የሚያንኳኳው ዝቅ ባለ ዙር ከባድ ሸክም ሲጎትት ነው። ማርሽ ቀንሶ፣ ሞተሩን ፈጠን አድርጎ፣ ነዳጅ መስጫውን ቀለል አድርጎ መውጣት ከየትኛውም ቁጥር የበለጠ ያድናል። አራተኛ ማርሽ ላይ እያስጨነቋት «ቤንዚኑ ነው» የሚሉትን ሹፌሮች ፍየሎቹ ከኋላ ሆነው ይታዘባሉ፤ እነሱ ዳገት ሲወጡ እርምጃቸውን ያሳጥራሉ።

ከመለዋወጫ ሱቅ በር ላይ ደግሞ ትንሽ ጠርሙስ ይዞ የሚጠብቅ አለ። «ኦክቴን ማሳደጊያ! 30 ነጥብ ይጨምራል!»

«ነጥቡ ስንት ነው?»

«ነጥብ ነዋ!»

አብዛኞቹ ጠርሙሶች ላይ አሥር ነጥብ ማለት አንድ ቁጥር ነው። 30 ነጥብ ከ91 ወደ 94 ያደርሳል እንጂ ወደ 121 አይወስድም፤ እሱም የተባለውን ከጨመረ። አንዳንዱ ማንጋኒዝ ስላለበት ካንዴላውን ቀይ አፈር የቀባ ያስመስለዋል፤ መካኒክ ፈትቶ ሲያይ ጠርሙስ መግዛትህን ያውቅብሃል።

«ሦስት ቁጥር ቀላል ነው እንዴ?» አለ ሻጩ።

«ማትሪክ ላይ ሦስት ቢጨመርልህ ኖሮ ዛሬ የት ነበርክ?»

«እዚሁ» አለ። ሐቀኛ ሰው ነው፤ ለሐቁ ስል የዝናብ መጥረጊያ ገዛሁት፤ ለክረምት።

የኤሌክትሪክ መኪና የሚሉም መጥተዋል። መንግሥት በጥር 2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ መወሰኑ ከተሰማ ወዲህ፣ «ኦክቴንም ሴቴንም ገደል ይግባ፣ ተከዜ 300 ሜጋዋት ከጎናችን ነው» የሚል ጎረምሳ አለን። ግድቡ ከጎናችን መሆኑን ማን ካደ? መብራቱ ሌላ ሠፈር ያድራል እንጂ። መኪናዋ በመጣችበት ቀን ሰሃላ ድረስ እገፋለታለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ፤ ቁልቁለቱን ብቻ።

ያስቀናኝ ተረብ ግን የእኔ አልነበረም፤ የጋራዡ ሰውዬ ነው። አንድ ትልቅ ሰው የናፍጣ ፕራዶ አላቸው፤ ፖምፓዋ በኮምፒውተር የሚታዘዝ፣ አዲሱ ዓይነት። ማደያው ናፍጣ የለም ብሏቸዋል። እሳቸውም፣ «ቤንዚን ኦክቴን ስላለው ዳገት ያወጣታል» የሚል ምክር ከቡና ቤቱ ሊቅ ሰምተው፣ ሁለት ሃይላንድ ቤንዚን ናፍጣው ላይ ደፍተውበታል። ናፍጣ ፖምፓውን እያወዛ ነው የሚያልፈው፤ ቤንዚን ግን ያደርቀዋል፤ ብረት ለብረት ሲፋጭ ብናኙ እስከ ኖዝሎቹ ይሄዳል። ፖምፓውንም ኖዝሎቹንም የሚያስቀይር ጣጣ ነው። ጋራዡ በር ላይ ደርሰው በረጅሙ ተነፈሱ።

«ልጄ፣ ለዚህች ስንት ትወስድብኛለህ?»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ፕራዶዋ አየ።

«አባባ፣ ቤንዚኑን ከደፉ በኋላ አስነሥተዋታል?»

«አይ፣ በሰው አስገፍቼ ነው ያመጣኋት።»

«እግዜር ይስጥልዎ። እንግዲያውስ የታንክ ማጠቢያና የፊልትሮ ይከፍላሉ።»

«ባስነሣትስ ኖሮ?»

«ያኔማ መኪናዋን ስንት እንደገዟት ይነግሩኝና፣ ከዚያ ላይ ስንት እንደምቀንስልዎ እንነጋገር ነበር።»